ስም ያልተጻፈበት ጆንያ፦ የአይሲቲ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

በኅዳር ወር አንድ ማክሰኞ ጠዋት የሬከርድ ክፍል ኃላፊዋ አንድ ወረቀት ይዘው ወደ ኮምፒውተር ላብ መጡ። የ9ኛ ክፍል ውጤት ሲያትሙ ከመሀል ከፕሪንተራቸው የወጣ ነው። ወረቀቱ ሙሉ የኳስ ተጫዋች ፎቶ ነበር። "ልጆቼ፣ ቀለሜን ጨረሳችሁት እኮ" አሉ። አልተቆጡም። እኔ ግን ደነገጥሁ። ተማሪ ላብ ውስጥ ተቀምጦ የሬከርድ ፕሪንተር ላይ ማተም ከቻለ፣ የውጤት ፋይሉ ጋ ለመድረስም ብዙ አይቀረው። ላቡም ቢሮውም አንድ ኔትወርክ ላይ ነበሩ። የክበባችን የዘንድሮ ሥራ የተጀመረው ከዚያች ወረቀት ነው።

ክበቡ ዘንድሮ 23 አባላት ነበሩት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት እንገናኛለን። ስድስት የሞቱ ኮምፒውተሮችን አስነስተናል። ለሚኒ ሚዲያ ክበብ ልጆች ድምፅ መቁረጥና መቀጠል አሳይተናል። በእነዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ዓመቱን የበላው የኔትወርኩ ጉዳይ ነው፤ ልጆቹም በጣም ያደጉት እዚያ ላይ ነው።

የግቢያችንን አቀማመጥ ልንገራችሁ። በአሮጌው ብሎክ ሬከርድ ክፍልና ቤተ መጻሕፍቱ አሉ። በአዲሱ ብሎክ ደግሞ ላቡና የምክትል ርዕሰ መምህሩ ቢሮ። ስለዚህ በሁለቱም ብሎክ የቢሮም የተማሪም ኮምፒውተር አለ። ሁለቱን ብሎኮች የሚያገናኘው በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ የተቀበረ አንድ ገመድ ብቻ ነው። ልጆቹ በሲባጎ ለክተውት 84 ሜትር ሆነ። የመዳብ ኔትወርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር ስለሚሠራ ርቀቱ አያሰጋም። በየጫፉ አንድ አንድ የሲስኮ ኩባንያ 3560 ስዊች አለ፤ ስዊች የየክፍሉ ገመዶች ተሰክተው የሚገናኙበት ሳጥን ነው። ሁለቱም ያገለገሉ ናቸው፣ በስጦታ ያገኘናቸው።

ቢሮውን ከተማሪው ለመለየት እያንዳንዱን ስዊች በቪላን ለሁለት ከፈልነው፤ ቪላን አንዱን ስዊች እንደ ተለያዩ ስዊቾች የሚያደርግ የሴቲንግ ክፍፍል ነው። ቢሮው 10፣ ተማሪው 20 ተባለ። አሁን ጥያቄ መጣ። ሁለት ኔትወርክ በአንድ ገመድ እንዴት ይሄዳል? መሬቱን እንደገና ቆፍሮ ሁለተኛ ገመድ መቅበር ይቻላል። ነገ ሦስተኛ ኔትወርክ ሲመጣ ግን ሌላ ቁፋሮ ነው። መፍትሔው ገመዱን ትራንክ ማድረግ ነው፤ የሁለቱም ፍሬም (መረጃው ተቆራርጦ የሚላክበት እሽግ) በአንድ መስመር ያልፋል፣ የየትኛው እንደሆነ የሚናገር ምልክት ግን ይዞ ነው የሚሄደው።

ይህን ሰሌዳ ላይ ሳስረዳ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ ይሄ እኮ የአባቴ ሥራ ነው" አለች። አባቷ እዚሁ ደብረ ማርቆስ እህል ነጋዴ ናቸው። አንድ አይሱዙ የአምስት ነጋዴ ጤፍ ይጭንና አባይ በረሃን ተሻግሮ አዲስ አበባ እህል በረንዳ ይገባል። እንዳይደባለቅ በየጆንያው ላይ የባለቤቱ ስም ይጻፋል። ሌላም መንገድ አለ ብላ ራሷ ጨመረች። ጆንያውን ከነጤፉ በሌላ ትልቅ ጆንያ ከተህ፣ አፉን ሰፍተህ፣ ስሙን በውጭኛው ላይ ብትጽፍስ?

ከዚህ የተሻለ ማስረጃ እኔ አልነበረኝም። የትራንክ ሁለቱ ስታንዳርዶች ልክ እንደዚህ ናቸው። ስሙን እዚያው ጆንያው ላይ የሚጽፈው 802.1ኪው ነው፤ በእኛ አፍ "ዶት ዋን ኪው"። አይ ትሪፕል ኢ የተባለው የመሐንዲሶች ማኅበር በ1998 እ.ኤ.አ. ያወጣው የጋራ ስታንዳርድ ነው። ፍሬሙ ውስጥ 4 ባይት ይሰካል። ከዚያ ውስጥ 12 ቢቱ የቪላኑ ቁጥር ነው። 4096 ቁጥር ይወጣዋል፤ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ስለማይሰጡ 4094 ይቀራል። ጆንያ በጆንያ የሚከተው ደግሞ አይ ኤስ ኤል ነው። ሲስኮ ለራሱ ስዊቾች የሠራው ነው። ዋናውን ፍሬም ሳይነካ ከፊቱ 26 ባይት፣ ከኋላው 4 ባይት ያለብሰዋል። የቪላኖቹ ቁጥር ወደ 1000 ገደማ ነው። 3560 ሁለቱንም ያውቃል። ስለዚህ ምርጫው በእውነት የእኛ ነበር።

መልሱን አልነገርኋቸውም። ሁለት ቅዳሜ ተከራከሩበት። አይ ኤስ ኤልን የደገፉት ልጆች ያመጡት ክርክር ቀላል አልነበረም። ሁለቱም ስዊቻችን ሲስኮ ነው፣ ታዲያ ምን አስጨነቀን አሉ። ከሁሉ ያሳሰበኝ ሌላው ነጥባቸው ነው፤ በአይ ኤስ ኤል የማይጠቀለል ፍሬም የለም። ዶት ዋን ኪው ግን ነቲቭ ቪላን የሚባል ነገር አለው። የዚያ ቪላን ፍሬም ምንም ሳይጻፍበት ይላካል። ስም የሌለው ጆንያ ሲደርስ የእገሌ ነው ተብሎ ቀድሞ ስምምነት ሊኖር ይገባል። "ስምምነቱ ቢፈርስስ?" አሉ። ትክክል ነበሩ፤ በሚያዝያ አየነው።

በሌላው ወገን 4 ባይት ከ30 ባይት ይሻላል የሚል ክርክር ደጋግሞ ተነሣ። እዚህ ላይ ጣልቃ ገባሁ። በእኛ ገመድ ላይ ያንን ልዩነት ማንም አያየውም፤ በእሱ አትወስኑ አልኋቸው። ነገሩን የቆረጠው ከኋላ ወንበር ዝም ብሎ የሚቀመጥ የ10ኛ ክፍል ልጅ ነው። "ሦስተኛውን ስዊች ማን ነው የሚገዛው?" ብሎ ጠየቀ። ቤቱ ጸጥ አለ። ትምህርት ቤት የሚገዛው ሱቅ ውስጥ ያገኘውንና አቅሙ የፈቀደውን ነው። እንኳን ሌላው ብራንድ፣ ሲስኮ ራሱ እንደ 2960 ባሉት ሞዴሎቹ ላይ አይ ኤስ ኤልን ትቶታል። እጅ ወጣ፣ ዶት ዋን ኪው 17 ለ6 አሸነፈ።

በታኅሣሥ ሥራው ላይ ተቀመጥን። ያቺ የነጋዴ ልጅ ኪቦርዱን ያዘች። ፖርቱን፣ ማለትም ገመዱ የሚሰካበትን ቀዳዳ፣ ትራንክ እንዲሆን ስታዘው ስዊቹ እምቢ አለ። ጣቷን ከመስመሩ ሥር አድርጋ ቃል በቃል አነበበችው። የምልክቱ ዓይነት "አውቶ" ላይ እያለ ወደ ትራንክ መቀየር አይቻልም ይላል። ሁለቱን ስታንዳርድ የሚያውቅ ስዊች መጀመሪያ የቱን እንደመረጥህ ይፈልጋል። "ስዊችፖርት ትራንክ ኢንካፕሱሌሽን ዶት ዋን ኪው" ብላ ጻፈች፣ ከዚያ ትእዛዙን ደገመች። የፖርቱ መብራት ብርቱካናማ ሆኖ ቆየ። ሁላችንም እዚያች መብራት ላይ አፍጥጠናል። አረንጓዴ ስትሆን ጭብጨባው እስከ ስታፍ ተሰማ።

በመጋቢት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የአዲሱ ብሎክ ስዊች ተቃጠለ። ሽታው ኮሪደሩን ሞላው። ከከተማው ሱቅ ሌላ ብራንድ ስዊች ተገዛ። አይ ኤስ ኤልን መርጠን ቢሆን ኖሮ እሱና የቀረው ሲስኮ አይግባቡም ነበር፤ ሌላ ገንዘብ መለመን ሊኖርብን ነው። የ10ኛ ክፍሉን ልጅ ዐይን ፈልጌ አየሁት። አንገቱን ደፍቶ ፈገግ ብሏል።

አዲሱ ስዊች "ትራንክ" የሚል ቃል የለውም። "ታግድ" (ስም የተጻፈበት)፣ "አንታግድ" (ስም ያልተጻፈበት)፣ "ፒቪአይዲ" (ስም የሌለው ሲደርስ የሚቆጠርበት ቪላን) ነው የሚለው። ያስተካከለው ተማሪ፣ ስዊቹ የሚቀመጠው ላብ ውስጥ ስለሆነ የገመዱን ፖርት ፒቪአይዲ 20 አደረገው፤ 20ንም ስም ሳይጻፍበት እንዲወጣ ተወው። በሲስኮው በኩል ደግሞ በታኅሣሥ ነቲቩን 10 ያልሁት እኔ ነበርሁ። ያኔ ሁለቱም ጫፍ 10 ስለነበር ችግር አልታየም። በሚያዝያ ግን ከላቡ ያለ ስም የወጣው ሁሉ አሮጌው ብሎክ ሲደርስ የቢሮው ተብሎ ተቆጠረ። ከዚያኛው ያለ ስም የመጣው የቢሮ ፍሬም ደግሞ እዚህ የተማሪ ሆነ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ኔትወርክ አጡ። የሬከርድ ፕሪንተር ላብ ውስጥ ተመልሶ ታየ።

ግማሽ ቀን ገመድ ስንፈትሽ ዋልን። ሲስኮ ከሲስኮ ጋር ቢሆን ኖሮ ነቲቩ አልገጠመም የሚል መልእክት ስክሪኑ ላይ ይመጣ ነበር፤ ከሌላ ብራንድ ጋር ግን ያ መልእክት የለም። በመጨረሻ የነጋዴው ልጅ ደብተሯን ገልብጣ ሁለት መጋዘንና አንድ አይሱዙ ሣለች። "ስም የሌለው ጆንያ እዚህ የማን ነው? እዚያስ?" አለች። በአንዱ መጋዘን 10፣ በሌላው 20 ጻፈች። ያኔ ገባን።

ነቲቩን በሁለቱም ጫፍ 99 አደረግነው። 99 ውስጥ አንድም ኮምፒውተር የለም። ስሙ የጠፋበት ፍሬም ቢመጣ የሚገባው ባዶ መጋዘን ነው። 10ና 20 አሁን ስማቸው ተጽፎ ብቻ ያልፋሉ። ልጆቹ በነጭ ፕላስተር ላይ "ስም የሌለው = 99። ሁለቱንም ጫፍ እይ" ብለው ጽፈው በሁለቱም ስዊቾች ግንባር ላይ ለጠፉ።

ሰኔ ላይ ካርድ ሲታተም ሬከርድ ክፍል ገብቼ ነበር። ኃላፊዋ የታተመውን ክምር እያገላበጡ "ዘንድሮ የናንተ ኳስ ተጫዋች የለም" አሉኝ።

ለቤተ መጻሕፍቱ ሦስተኛ ስዊች ወመህ (የወላጅ መምህር ኅብረት) ቃል ገብቶልናል። ብራንዱ ምን እንደሚሆን ገና አልታወቀም። የ10ኛ ክፍሉ ልጅ ግን ሴቲንጉን በክበቡ መዝገብ ላይ ከወዲሁ ጽፎ ጨርሷል፤ የብራንዱን ቦታ ብቻ ባዶ ትቶታል።