የዘጠኝ ወሩ ልጅ ትንፋሽ

ውድ ልጄ፣ እንዴት ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ትናንት በስልክ «እማ፣ ይሄ የኤሌክትሮላይት ነገር አልገባ አለኝ» ስትይኝ ድምፅሽ ሆዴን አባባው። ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ተነስቼ ይህን ጻፍኩልሽ። ደም ውስጥ የሟሙትን የእነዚህን ጨዎች ቁጥር ታውቂዋለሽ። ሶዲየም ከ135 እስከ 145፣ ፖታሲየም ከ3.5 እስከ 5፣ የደም አሲድነት መለኪያው ፒኤች ደግሞ ከ7.35 እስከ 7.45፤ ዝቅ ሲል አሲድ በዝቷል ማለት ነው። እኔም ሸምድጃቸው ነበር። የገቡኝ ግን በአንድ ሌሊት ነው።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አዳር ተረኛ ነበርኩ። አንዲት እናት የዘጠኝ ወር ልጇን በነጠላ ጠቅልላ መጣች። ሁለት ቀን ሙሉ ሲያስቀምጠው ቆይቷል። ዓይኑ ሰርጉዷል፣ እርግብግቢቱ ወደ ውስጥ ገብቷል። ለቅሶው ደክሟል፣ እንባም የለውም። ሆዱ ላይ ቆዳውን ቆንጠጥ አድርጌ ስለቀው እንደታጠፈ ቀረ። ትንፋሹ ግን ፈጣንና ጥልቅ ነው፤ ሮጦ የመጣ ሰው ይመስላል። «ሳንባ ምች ነው» አልኩ። አብራኝ ያደረችው ትልቋ ሲስተር ደረቱን አዳመጠችና «ሳንባው ንጹሕ ነው። አሲዱን እየተነፈሰ እያወጣ ነው» አለችኝ።

ተቅማጥ ውሃ ብቻ ይዞ አይሄድም። አሲድን የሚያለዝበው ባይካርቦኔትም አብሮ ይወጣል። እሱ ሲጎድል ደም ውስጥ አሲድ ያይላል። ኩላሊት ይህን ለማስተካከል ቀናት ይፈልጋል። ሳንባ ግን ወዲያው ይደርሳል፤ ደም ውስጥ አሲድ የሚሆነውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጠርጎ ያስወጣል። ፒኤች፣ ባይካርቦኔትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሦስቱም ዝቅ ያሉበት ጥያቄ ሲመጣብሽ ያንን ልጅ አስቢው።

ሰው ሁሉ «ግሉኮስ ይሰካለት» ይላል። ስኳርና ውሃ ብቻ ያለው ግን ለዚህ አይሆንም። ስኳሩን ሰውነት ይጠቀምበታል፣ የቀረው ውሃ ደም ስር ውስጥ አይቆይም። ውሃን የሚይዘው ጨው ነው። ስለዚህ ጨው ያለበትን የደም ስር ፈሳሽ፣ ሪንገር ላክቴትን ሰካንለት። 8 ኪሎ ነበር፤ በኪሎ 100 ሚሊ ሊትር፣ በጠቅላላው 800። 240ው በመጀመሪያው ሰዓት፣ 560ው በቀጣዩ አምስት ሰዓት። ጠብታውን በእጅ ሰዓቴ እየቆጠርኩ አደርኩ። በምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አናጣድፈውም ነበር፣ ልቡ አይችለውም። ይህን አደራ ያዢልኝ።

ፖታሲየምም በተቅማጥ ይወጣል። በደም ስር ለመተካት ግን ሽንት ሳታዪ አትቸኩዪ። ኩላሊት ካልሠራ ይጠራቀምና ልብን ያቆማል። ሳይበረዝ በሲሪንጅ ደም ስር ውስጥ መግፋት ደግሞ በፍጹም፣ በፍጹም አይሆንም። ሌላ ሰው «ቶሎ ስጪው» ቢልሽ እንኳ እምቢ በይ።

ሊነጋ ሲል ትንፋሹ ረጋ አለ። እናቱ «ሲስተር፣ ነጠላዬን አረጠበው» ብላ ጠራችኝ። ሮጬ ሄጄ ዳሰስኩት። ሽንት ነበር።

እናትሽ