«ጋሼ፣ ረሃብ ረሃብ ነው»

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ጃንሆይ ከዙፋን የወረዱበትን መስከረም 2ን አስመልክቶ በቴሌቪዥን ስለታየው ዘጋቢ ፊልም ባለፈው ሳምንት የጻፋችሁትን አነበብኩ። መጨረሻው ላይ «ምስል አይዋሽም» ብላችኋል። ፊልሙን እኔም አይቼዋለሁ። ምስሉ አልዋሸም ይሆናል፤ አምጥተው የለጠፉት ግን ያለ ቦታው ነው።

ስለ 1966ቱ የወሎ ረሃብ እያወራ ያሳየን በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ የተራበ ሰው የተሰበሰበበትን የኮረምን ሜዳ ነው። እንዴት አወቅክ ካላችሁ፣ እዚያ ነበርኩ። የጭነት መኪና ረዳት ነበርኩ። ከአሰብ እህል እንጭናለን፤ አላማጣን አልፈን የግራካሱን ዳገት ስንወጣ መኪናው ያቃስታል፣ እኔ ታኮ ይዤ ከኋላ በእግሬ እከተላለሁ። ኮረም ብርድ ነው። ጠዋት ጭጋጉና ጭሱ ተደባልቆ ሜዳው ላይ የሚታየው የተከናነበ ሰው ብቻ ነው። ያንን ሜዳ አልስተውም። ደግሞ ቀረጻው ባለቀለም ነበር። የቢቢሲው ማይክል በርክ ከኬንያዊው ካሜራማን ከሞሐመድ አሚን ጋር ጥቅምት 1977 ያቀረበው፣ ዓለም ሁሉ ያየው ነው። የእኛዎቹ ቀለሙን አጥፍተው ጥቁርና ነጭ አድርገውታል። እንዲያረጅላቸው መሆኑ ነው።

ጣቢያው ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ልጅ ትሁት ነው፣ አልዋሽም። ሰምቶ ሰምቶ «ጋሼ፣ ረሃብ ረሃብ ነው፤ ምን ለውጥ አለው?» አለኝ።

መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ የ11 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሰፈራችን ውስጥ ቴሌቪዥን ያለው አንድ ባለሱቅ ቤት ብቻ ነው። ለእንቁጣጣሽ ተጠርተን ትልልቆቹ ወንበር ላይ፣ እኛ ቄጠማው ላይ ተቀምጠናል። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ የሠራው ፊልም ተከፈተ። በአገሩ የታየው ጥቅምት 1966 ነው፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። ደርግ ደግሞ እንዳለ አላሳየውም። በመሃል በመሃሉ የቤተ መንግሥት ድግስ ቀጠለበት። አጥንቱ የገጠጠ ሕፃን፣ ከዚያ ሻምፓኝ። የምታለቅስ እናት፣ ከዚያ ሥጋ የሚጣልላቸው ውሾች። እናቴ የጀመረችውን ዶሮ ወጥ ትታ እጇን ታጠበች። ባለሱቁም ብሉ እንጂ አላለም። በማግስቱ ጃንሆይ ከዙፋን ወረዱ።

የሕፃኑ ምስል እውነት ነው። የድግሱም እውነት ነው። በአንድ ቀን አልተነሱም እንጂ። እኛ ያየነው ሕፃኑንና ድግሱን ነው፤ በመሃል የገባውን መቀስ ያየ የለም።

ረሃቡ ፈጠራ ነበር ማለቴ እንዳይመስልባችሁ። መንግሥት ሲደብቅ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ወርደው ፎቶ ባያመጡ፣ ዲምብልቢም ካሜራ ይዞ ባይሄድ፣ ማን ያምን ነበር? ለዚህ እኮ ነው የምንገበገበው። በፊልም ታግዞ የመጣው መንግሥት በ10 ዓመቱ ራሱ ደበቀ። መስከረም 1977 አዲስ አበባ በአብዮት በዓልና በኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ምሥረታ ስትደምቅ ሰሜኑ እያለቀ ነበር። ቴሌቪዥናችን ባለቀለም የሆነውም ለዚያ በዓል ነው። እንግዲህ የ1977ን ምስል ወስዶ 1966 ላይ የለጠፈ ሰው፣ የአንዱን መንግሥት ዕዳ ለሌላው አሸከመ ማለት ነው። ለልጁ ይህንን ልለው ስል ስልኩ ተቋረጠ። (ሂሳቤ አልቆ ነው፤ እሱ አልዘጋብኝም።)

የቢቢሲውም ቢሆን ሁሉን አላሳየም። እኔ መንገድ ላይ ኬላ አያለሁ፣ ወታደር አያለሁ፣ መንገዱ ተዘግቷል ተብለን ቆመን እናድራለን። ፊልሙን ያየ ፈረንጅ ግን በብዛት የሰማው ድርቅ የሚለውን እንጂ ጦርነት የሚለውን አይደለም። ካሜራው ወደ ሜዳው ዞሮ ነበራ።

ድሮ በላ ልበልሃ በሚባለው የአደባባይ ሙግት ምስክር አየሁ ስላለ ብቻ አይለቀቅም። የት ሆነህ? መቼ? ማን አመጣህ? እየተባለ ይፈተጋል። ፊልም ሲሆን ጊዜ ለምን በነፃ እናሳልፈዋለን? በየስልካችን የሚዞረውንማ ተዉት። የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ዛሬ እኛ ሰፈር አጠገብ የወረደ ጎርፍ ነው» ብላ ቪዲዮ ላከችልኝ። አስፋፍቼ ባየው የመኪናው ሰሌዳ የአገራችን አይደለም። እሷ አልዋሸችም፤ የላከላትን አምና ነው።

የምለው ብዙ አይደለም። ምስሉ ሥር የተቀረፀበት ቦታና ዓመተ ምሕረት ይጻፍ። ከሌላ ፊልም የተወሰደ ከሆነ ከማን እንደተወሰደ ይነገረን። እናንተም ስለ ፊልም ስትጽፉ ይህቺን ጠይቁ። ኮረም ሜዳ ላይ የተቀረፁት ሕፃናት ከተረፉ ዛሬ ጎልማሶች ናቸው፤ አንዱ ራሱን ወይም እናቱን በዚያ ፊልም ያይ ይሆናል፤ ያውም እሱ ባልተወለደበት ዓመት።

ጣቢያው ማረም ከፈለገ የትኛው ቀረጻ እንደሆነ አብሬ ቁጭ ብዬ አሳያለሁ። ስልኬ በፖስታው ጀርባ አለ።

አክባሪያችሁ፣
ጡረተኛ ሹፌር፣ ከአዲስ አበባ