«የጅቡቲዎቹን ጫንልኝ»

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

የባህል ዓምዳችሁን ሳላነብ ያለፍኩት ሳምንት የለም። ስለ ኢቤክስ፣ ስለ ሮሃ፣ ስለ ዋልያስና ስለ ዳህላክ ባንድ ያወጣችሁትን ቆርጬ አስቀምጫለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን አንድም መስመር ስላልጻፋችሁለት አልበም ነው። የአዲስ አበባ አይደለም። የሀገራችንም አይደለም፤ የጅቡቲ ነው። ድሬዳዋ ላይ ግን እንደ ሰፈር ልጅ ነው የሚወደደው።

ቀፊራ ገበያ አጠገብ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ሞባይልና ሬዲዮ እጠግናለሁ። ፍላሽና ሚሞሪ ላይም ሙዚቃ እጭናለሁ። ሰው ምን እንደሚሰማ ለማወቅ ከእኔ ሥራ የተሻለ የለም። ጥቂት ዓመት ሆነው፣ አንድ ጥያቄ ከሱቄ አይጠፋም። የባጃጅ ሹፌሩ ፍላሹን ባንኮኒው ላይ ጣል ያደርግና «አቦ፣ የጅቡቲዎቹን ጫንልኝ» ይላል። ሻይ ቤት ያላት ልጅ «ያ ሳክስፎን ያለበትን» ትለኛለች። የዩኒቨርሲቲ ተማሪው ደግሞ «ያቺን ሬጌ የምትመስለዋን» ይላል። ሦስቱም የሚሉት አንዱን አልበም ነው። ስሙን ግን አንዳቸውም አያውቁትም።

ስሙ «ዘ ዳንሲንግ ዴቪልስ ኦፍ ጅቡቲ» ነው። «ደናሾቹ የጅቡቲ ሰይጣኖች» እንደማለት። ስሙን ስነግራቸው «አዑዙ ቢላህ» ያሉኝም፣ ያማተቡብኝም አሉ። ሙዚቃው ግን የሰርግ ቤት ሙዚቃ ነው፤ ሰይጣን የለበትም። የተጫወተው ግሩፕ አር ቲ ዲ የሚባል ባንድ ነው። ኦስቲናቶ ሬከርድስ የሚባል አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2020 አወጣው። አር ቲ ዲ የጅቡቲ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ነው። ባንዱ የዚያ መሥሪያ ቤት ባንድ ነው። የመንግሥት በዓል ሲኖር፣ እንግዳ ሲመጣ መድረክ ላይ የሚወጡት እነሱ ናቸው። ጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ1977 ነፃ ከወጣች በኋላ ሙዚቃው በመንግሥት እጅ ነበር። ባንዶች ለሬዲዮ ይቀርጹ ነበር፤ የተቀረጸበት ቴፕ ግን እዚያው መዝገብ ቤት መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ይህ አልበም ሲወጣ ለዓለም ገበያ ከጅቡቲ የወጣ የመጀመሪያው ነው ተባለለት። እኛ ለጅቡቲ ጎረቤት ነን። ግን እኛም ጋ ወሬው የደረሰው ዓለምን ዞሮ ነው።

የተቀረጸው እዚያው በሬዲዮ ጣቢያው ስቱዲዮ ነው። የተሰጣቸው ጊዜ ሦስት ቀን ብቻ ነበር። ጫት እየቃሙ ነው የቀረጹት ይባላል። ይህን ሳነብ ሳቅኩ። ጅቡቲ የሚቃመው ጫት ከየት እንደሚሄድ ድሬ ላይ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃል። ከአወዳይ በኩል ጠዋት የተለቀመ ጫት ቀትር ላይ እዚያ መድረስ አለበት፤ የመኪኖቹን ጡሩምባ እየሰማን ነው ያደግነው። ጫትን ለማሞገስ አይደለም። ግን በዚያ ሙዚቃ ውስጥ የእኛም ቅጠል አለበት ማለቴ ነው።

ስለ ድምፁ ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ዘፈን «ቡራሃ ኡ ዴር» ይባላል፤ ከሁሉ የሚረዝሙት ተራሮች ማለት ነው። ጊታሩ ቆረጥ ቆረጥ እያለ ይገባል። በሬጌ ጆሮ ከሰማኸው ሬጌ ነው። ሶማሌ ደንበኞቼ ግን «ሬጌ አይደለም፣ ዳንቶ ነው» ብለው ይከራከሩኛል። ዳንቶ የሶማሌዎች ባህላዊ ጭፈራ ነው። አካሄዱ ከሬጌ በፊትም የነበረ ነው ይላሉ። ትከሻቸውን ሲያንቀሳቅሱ ሳይ አምናቸዋለሁ። ከሥር ደርቡካው፣ በእጅ የሚመታው ከበሮ፣ ይንዶቆዶቃል። ኪቦርዱ ያ የድሮ ካሴት ድምፅ አለው፤ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ዘፈኑ ሲጠማዘዝ የህንድ ፊልም ይመጣብሃል። «ራኒ» የሚል ዘፈን አለ። ንግሥት ማለት ነው፤ ቃሉም የህንድ ነው። ድሬ ላይ የህንድ ፊልም እያየ ያላደገ ማን አለ? አስማ ዑመር የምትባል ወጣት ዘፋኝ አለች። እሷ ስትገባ ቤቱ ውስጥ ወሬ ይቆማል።

ሳክስፎኑስ? ሳክስፎኑን የሚነፋው ሞሐመድ አብዲ አልቶ ነው። ስለ እሱ አንድ ነገር ልንገራችሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት የአንዱን ባጃጅ ስፒከር ሠርቼ በዚህ አልበም እየሞከርኩት ነበር። አንዲት እናት ሬዲዮ ሊያሠሩ መጡ። ገበያው ሁሉ «ሆዮ» ነው የሚላቸው፤ በሶማሊኛ እናት ማለት ነው። አሮጌው ባቡር ሳይቆም በፊት ጅቡቲ እየተመላለሱ ሲነግዱ ነው የኖሩት። አትክልት ይዘው ይወርዳሉ፣ ጨርቅ ይዘው ይመለሳሉ። ሬዲዮዋን አስቀምጠው ዋጋ ሊጠይቁኝ አፋቸውን ሲከፍቱ ሳክስፎኑ ገባ። እጃቸውን አነሱብኝ። ዝም አልኩ። ዘፈኑ እስኪያልቅ ቆመው ሰሙ፤ ወንበር ሳቀርብላቸው እንኳን አላዩኝም።

«ይሄ አልቶ ነው» አሉ ሲያልቅ።

«ሆዮ፣ እንዴት አወቁ?»

«ልጄ፣ በጅቡቲ ሬዲዮ ስንት ዓመት ሰምቼዋለሁ! ትንፋሹን አውቀዋለሁ።»

የአክስቴ ልጅ ውጭ ነው የምትኖረው፤ ሸክላውን ገዝታ ልካልኝ ነበር። ሸክላ ማጫወቻ የለኝም። ልባሱን ግን በላስቲክ ጠቅልዬ ግድግዳዬ ላይ ሰቅየዋለሁ። አወረድኩትና አብሮት የመጣውን ጽሑፍ አነበብኩላቸው። ስሙ አለ፤ አልቶ። ጣታቸውን አስጠግተው ስሙን ዳሰስ አደረጉት። ማንበብ አይችሉም። «እሱ ነው አይደል?» አሉኝ ደግመው። የሬዲዮዋን ሒሳብ አልተቀበልኳቸውም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ነው ነገሩ እንቅልፍ የነሳኝ። እኒህ እናት ያለ ፊደል ያወቁትን ሰው፣ እኔ ፊደል ቆጥሬ ለሦስት ዓመት ስሙን ሳልጠራ ስሸጠው ነበር። ፍላሽ ላይ ስጭን «ጅቡቲ 1»፣ «ጅቡቲ 2» እያልኩ ነበር የምጽፈው። ለባንዱ ምንም አይደርሰውም። ይህ ትክክል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከዚህ ሆኖ በኢንተርኔት መግዛት ብዙ ሰው አይችልም፤ ካርዱ የለንም። ግን ቢያንስ ስማቸውን መጥራት እችል ነበር። አሁን የዘፈኑንም የባንዱንም ስም በአማርኛ እየጻፍኩ ነው የምጭነው። ውጭ ዘመድ ያለውን ሁሉ «አስገዛ» እላለሁ። አልበሙን መጫኔን ትቼ «ይሄን አስገዝተህ ና» ብዬ የመለስኩት ሰው አለ። ተቆጣኝ፤ በሁለተኛው ሳምንት ግን ወንድሙ ገዝቶለት መጥቶ አሳየኝ።

ባለፈው አንድ የሬዲዮ ፕሮግራም ከዚሁ አልበም አንዱን አጫወተ። አቅራቢው ምን አለ መሰላችሁ? «አሁን ደግሞ የሶማሌ ባህላዊ ሙዚቃ ነበር ያደመጣችሁት።» በቃ። የባንዱ ስም የለም፣ የዘፋኟ የለም፣ የነፊው የለም። ጊታር፣ ኪቦርድና ሳክስፎን ያለው ባንድ በምን ሒሳብ ባህላዊ እንደሚሆን አላውቅም። የአማርኛ ዘፈን ሲሆን ግጥሙን የጻፈው፣ ዜማውን የሠራው፣ ያቀናበረው ሁሉ ይጠራል። ይህን ስል ከተማዬን ነው የማስበው። ድሬዳዋ የአሊ ቢራ ከተማ ናት። አሊ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛ ዘፍኗል። እዚሁ በአፍራን ቀሎ ባንድ ጀምሮ በ2015 ዓ.ም. እዚሁ አፈር ለብሷል። እንዲህ ያለ ሰው ያሳደገ ከተማ፣ በአንድ ታክሲ ውስጥ አራት ቋንቋ የሚሰማበት ከተማ፣ የጎረቤቱን ባንድ በስሙ መጥራት አያቅተውም።

ለምን ይህን ያህል እንደምንወደው የራሴን ግምት ልንገራችሁ። ድሬ ባቡር የወለዳት ከተማ ናት። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ መጥቶ እዚህ ሲደርስ ከተማዋ ተጀመረች። ከዚያ ወዲህ ጨርቁ፣ ሽቶው፣ ወሬው፣ ዘፈኑ የመጣው በዚያው መስመር ነው። ከፍ ካለው ሀገር የሚመጣው ሙዚቃ ደስ ይላል፣ እንወደዋለን፤ የሙቀት ሙዚቃ ግን አይደለም። የግሩፕ አር ቲ ዲ ሙዚቃ የሙቀት ሙዚቃ ነው። ማታ ፀሐይ ስትበርድ፣ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ወንበር ሲወጣ፣ ሰው ሸሚዙን ከፈት አድርጎ ሻይ ሲጠጣ የሚሰማ ነው። አይቸኩልም። ግን ቁጭም አያስብልም።

እናንተን የምለምነው ይህ ነው። አንድ ገጽ ስጡት። የሙዚቃ ባለሙያ ጽፎ ያስረዳን፤ እኔ የማውቀው ከስፒከር በኩል ያለውን ብቻ ነው። ስለ ጊታሪስቱ አብዲራዛቅ ሐጂ ሱፊ ጻፉ፤ ከሞቃዲሾ የመጣ ሰው ነው። ስለ ሬዲዮ ጣቢያው መዝገብ ቤትም ጻፉ። በ2021 እ.ኤ.አ. ያው አሳታሚ 4 ማርስ የሚባለውን የጅቡቲ ባንድ የድሮ ቀረጻዎችም አውጥቷል፤ እሱንም ጨምሩበት። ገጹ ሲወጣ በስንት ኮፒ እንደማበዛው አያችሁ!

የከተማችን የባህል ሰዎችም ይህን ካነበቡ አንድ ነገር አለኝ። ከጅቡቲ እዚህ በባቡር 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዲሱ ባቡር ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰው ይጭናል። ባንዱን ማምጣት ከባድ አይመስለኝም። ሜዳ አለን፣ ሰው አለን፣ ዘፈኖቹን በቃሉ የሚያውቅ ወጣት በየሰፈሩ አለ። የሚመጡ ከሆነ ስፒከሮቹን በነፃ እሠራለሁ። ሆዮን ደግሞ ከፊት ወንበር ላይ የማስቀምጣቸው እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ሲያልፉ ስለዚህ ደብዳቤ ነገርኳቸው። «አልቶ ከመጣ ንገረኝ፣ ሽቶ አድርጌ ነው የምመጣው» አሉ።

አክባሪያችሁ
የሬዲዮና ሞባይል ጠጋኝ፣ ከድሬዳዋ ቀፊራ