ስለ ናፍጣ ግፊት ምርመራ ክፍያ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ካለፈው ወር ጀምሮ «ጉልበት አጣ»፣ «አልነሳ አለ» ተብሎ የሚመጣን የጭነት መኪና ፖምፓውን (ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚገፋውን) ከመፍታታችን በፊት የናፍጣውን ግፊት እንመረምራለን፤ ለዚህም 2,500 ብር እናስከፍላለን። ቀድመን ስላላሳወቅናችሁ ይቅርታ እንጠይቃለን። ክፍያውን ግን አናነሳም። «ምንም ሳይሠሩ ሂሳብ ጠየቁን» መባሉ ደርሶናል። ከ20 ዓመት ደንበኛ አፍ ሲወጣ ያማል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነበው ስካነር ፒ0087 የሚል የብልሽት ኮድ ሲያወጣ መንገድ ላይ ያገኛችሁት ሁሉ «ፖምፓው ሞቷል» ይላችኋል። ኮዱ የሚናገረው ግን ሬሉ (ከፖምፓው የወጣው ናፍጣ በግፊት የሚጠራቀምበት ቧንቧ) ውስጥ ያለው ግፊት ኮምፒውተሩ ከሚፈልገው ማነሱን ብቻ ነው። ማን እንዳሳነሰው አይናገርም። የተዘጋ ፊልትሮም፣ አየር የሚስብ ቱቦም፣ የሚያፈስ ኢንጄክተርም (ናፍጣውን ሞተሩ ውስጥ የሚረጨው)፣ የደከመ የግፊት መገደቢያ ቫልቭም ያንኑ ኮድ ያወጣሉ።

ስለዚህ ከርካሹ እንጀምራለን። ፊልትሮው ውስጥ ያለውን ብርጭቆ ላይ እንቀዳለን፤ ውሃ ካለ ከናፍጣው ተለይቶ ስር ይተኛል። በጄሪካን ናፍጣ የከረመ መኪና ላይ ይህን ደጋግመን አይተናል። ቀጥሎ ወደ ፖምፓው በሚገባው መስመር ላይ ውስጡ የሚታይ ቱቦ እንቀጥላለን። ፖምፓው ከሳልባትዮ (ከናፍጣ ማጠራቀሚያው) ራሱ በሚስብባቸው ሞተሮች ላይ የላላ መገጣጠሚያ ናፍጣ አያንጠባጥብም፤ አየር ያስገባል እንጂ። ሾፌሩ «ጠብ የሚል የለም» ሲል አልዋሸም። ቱቦው ውስጥ ግን አረፋው ተከታትሎ ሲያልፍ ይታያል። አንዳንዴ መፍትሔው አንዲት የመዳብ ሮንዴላ ናት!

እዚያ ካልተገኘ ሞተሪኖው (ማስነሻው) ሞተሩን ሲያዞር የሬሉን ግፊት እናነባለን። አብዛኞቹ ኮመን ሬል ሞተሮች (እንዲህ ያለ ሬል ያላቸው) ከ200 እስከ 300 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ካላገኙ አይነሱም። ከተነሳ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳንረግጥ) እያሠራን ከየኢንጄክተሩ የሚመለሰውን ናፍጣ (ሪተርኑን) ለ2 ደቂቃ በየጠርሙሱ እንቀበላለን። አምስቱ ጠርሙስ አንድ ጣት ያህል ይዘው ስድስተኛው ግማሽ ከደረሰ የሚያፈሰው ተገኘ፤ ፖምፓው በከንቱ ሊወርድ ነበር። ኢንጄክተሩ ከክዳን ስር ሲሆን ደግሞ መክፈትና መግጠሙ ግማሽ ቀን ይበላል። «ምንም ሳይሠሩ» የተባለው ይህ ነው።

«ድሮ የኢንጄክተሩን ቱቦ ዳዶ (ማሰሪያ) አላልታችሁ በአምስት ደቂቃ ትለዩት ነበር» ያሉንም አሉ። እውነት ነው፣ በአሮጌው የፊያት ጭነት መኪና በኤንትሬ ዘመን። የዚያን ጊዜ ኖዝል (የኢንጄክተሩ አፍ) የሚከፈተው በ200 ባር ገደማ ነበር። የዛሬው ሬል ጭነት ላይ 1,600 ባር ይደርሳል፤ የከባድ መኪና ጎማ እንኳ 8 ባር ገደማ ነው። እየሠራ ካለ ሞተር በዚያ ግፊት የሚረጭ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል። የልጆቻችንን እጅ ለዚህ አንሰጥም።

ኢንጄክተር ገዝታችሁ ስትመጡም ቅር አይበላችሁ። ብዙዎቹ ሞተሮች ላይ አዲሱ ኢንጄክተር ላይ የተጻፈው ቁጥር ለኮምፒውተሩ መግባት አለበት፤ ቁጥሩ የተፋቀውን አንገጥምም።

ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የዕቃውን ዋጋ እናንተም ታውቁታላችሁ። ዛሬ በግምት ፖምፓ መቀየር የሰው ቤት ማፍረስ ነው። ጥገናው እኛው ጋ ከተሠራ የምርመራውን ግማሽ ከሂሳቡ እንቀንሳለን፤ ከዚህ በላይ አቅማችን አይፈቅድም።

እባካችሁ፣ ፖምፓ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ደውሉልን። ፊልትሮውንም ሳትቀይሩ አምጡት፤ መጀመሪያ የምናየው እሱን ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋራዡ ባለቤት