እምዬ የዘከረችው ቀን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

በቅድሚያ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። አሥራ ስምንት ዓመት ሠራሁባት። የሰው ወረቀት ስገለብጥ ነው የምውለው። የልደት ካርድ፣ የቤት ካርታ፣ የፍርድ ቤት ማመልከቻ፣ የተማሪ ትራንስክሪፕት። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ ራሴ ቤት ወረቀት ነው።

ነገሩ የተነሳው ባለፈው ሚያዝያ 27 ነው። የድል በዓል ስለሆነ እናቴ ቤት ተሰብስበን ቡና እየጠጣን ነበር። እናቴ እንደ ልማዷ የአባቷን ነገር አነሳች። አያቴ አርበኛ ነበር፤ ቁልቋል በር ላይ ከጣልያን ጋር ሲዋጋ እግሩን ተመቷል። ይሄን ስንሰማ ነው ያደግነው። የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ይማራል። ክፋት የለበትም፤ "እማማ፣ ይሄ ነገር በወረቀት አለ?" ብሎ ጠየቃት። እናቴ አልመለሰችለትም። ሲኒዋን አስቀምጣ ጓዳ ገባች። ሰማንያን የተሻገረች ሴት ናት። ማታ ሁሉም ከሄደ በኋላ ጠራችኝና "ልጄ፣ ሳልሞት ይሄን ነገር አጣሪልኝ" አለችኝ።

መጀመሪያ የከፈትነው የእምዬን ሳጥን ነው። እምዬ የምለው የእናቴን እናት ነው። እሷን ደርሼባታለሁ፤ አያቴን ግን አላየሁትም፤ እኔ ሳልወለድ ነው ያረፈው። ከሳጥኑ ሥር፣ በነጠላ ቁራጭ ተጠቅልሎ፣ አንድ ሜዳሊያና አራት ቦታ የታጠፈ ካርድ አገኘን።

ሜዳሊያውን አውቀዋለሁ። ልጅ ሆነን በበዓል ቀን እያወጣን እንነካካው ነበር። ሪባኑ ነትቧል። ሪባኑ ላይ ከጣቴ ጥፍር የማይበልጡ አራት ዘንባባዎች አሉ። እስከ ዛሬ ጌጥ ይመስሉኝ ነበር። ለአንድ የአርበኛ ልጅ ለሆኑ አባት ሳሳያቸው ግን በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩና "አንዱ ዘንባባ አንድ የአርበኝነት ዓመት ነው ልጄ፤ አባትሽ አራት ዓመት ጫካ ነበሩ" አሉኝ። አያቴን አባትሽ ሲሉኝ ልቤ ስንጥቅ አለ።

ቤት ስመለስ አሰላሁት። ጣልያን ጎንደር የገባው መጋቢት 1928 ነው። አዲስ አበባ ነጻ የወጣችው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ ቢሆን ዘንባባው ከአራት ይበልጥ ነበር። እምዬ ደግሞ ሁሌ የምትለው አንድ ነገር ነበር፤ "ወዲያው አልወጣም፤ ከብቱ ከተነዳና ጎተራው ከተቃጠለ በኋላ ነው የወጣው" ትል ነበር። እኛ ዓመት ቆጥረን አናውቅም። ሜዳሊያው ግን ከእሷ ጋር ሲነጋገር ኖሯል።

ካርዱ ከባድ ነበር። የእጥፋቱ መስመር ተበልቷል፤ አንዱን ጥግ አይጥ ቀምሶታል። ማህተሙ ወይን ጠጅ ቀለም ነው፤ በዓይን ሲያዩት ጥላ ብቻ ነው። የሥራ ልማዴ ረዳኝ። ስካነሩን 600 ላይ አድርጌ፣ በጥቁርና ነጭ ሳይሆን በቀለም አነሳሁት። ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ቢጫውን ቀነስኩና ወይን ጠጁን አጎላሁት። ቀስ እያለ ወጣ። በክቡ ዙሪያ "አርበኞች ማኅበር" የሚለው ተነበበ። ከሥሩ የአባቱ ስም ሙሉ፣ የወረዳው ስም ግማሽ። የራሱ ስም ግን እኛ የምናውቀው አልነበረም! እናቴን ጠርቼ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየችው። "የክርስትና ስሙ ነው" አለች። እኛ በዓለም ስሙ፣ ጓደኞቹ በፈረስ ስሙ፣ ካርዱ በክርስትና ስሙ። አንድ ሰው፣ ሦስት ስም።

ይሄን ይዤ መዝገብ ፍለጋ ወጣሁ። የሄድኩበትን ቢሮ ስም አልጠራም፤ ማንንም ለመክሰስ አይደለም የምጽፈው። ሦስት ጊዜ ደጅ ጠናሁ። አንድ ቀን ኃላፊው ስብሰባ ነው፣ አንድ ቀን ቁልፉ የለም። በሦስተኛው አንዲት ልጅ ዝርዝሩን አይታ "የለም" አለችኝ። ልወጣ ስል አንድ ሊጡረታ የደረሱ ሠራተኛ "በየትኛው ሀ ነው ያየሽው?" ብለው ጠየቋት። የአያቴ አባት ስም በኃ የሚጀምር ነው፤ እሷ ያየችው በሀ ብቻ ነበር። ቁጭ ብለው በኃም በሐም አገላበጡልኝ። አልተገኘም። ቢሆንም ያን ቀን የተማርኩት ብዙ ነው። የድሮ ጸሐፊ ሠውን በሠ ሊጽፍ ይችላል፣ ሰውን በሰ ሊጽፍ ይችላል፤ ዐለሙም ዓለሙም አለሙም አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። መዝገብ የምታስፈልጉ ሰዎች "የለም" ሲሏችሁ በየትኛው ፊደል እንደታየ ሳትጠይቁ አትውጡ።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ።

ለንደን የሚኖር የአክስቴ ልጅ አለ። እዚያ ኪው በሚባል ሰፈር የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት አለ፤ የጦር ክፍሎች በየዕለቱ የጻፉት የውጊያ ማስታወሻ እዚያ ተቀምጧል። ማንም ሄዶ ማየት ይችላል። በእረፍት ቀኑ ሄደና ዘጠኝ ገጽ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ላከልኝ። ሰዓት፣ ኮረብታ፣ የሻለቃ ቁጥር አለው። የእኛ ሰዎች ግን በስም የሉም፤ በጥቅሉ አርበኞች ተብለው ነው የታለፉት። የአያቴን ስም ለማግኘት ተስፋ አድርጌ ስለነበር መጀመሪያ አዘንኩ። ቀኑ ግን ነበር። ቁልቋል በር የተያዘው በፈረንጅ አቆጣጠር ኖቬምበር 21 ቀን 1941 ነው።

ለማታውቁት፣ ቁልቋል በር ከጎንደር ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ የተራራ መተላለፊያ ነው። ያን በር የያዘ ወደ ጎንደር የሚመጣውን ይቆጣጠራል። ጣልያን ወደ 3 ሺህ የሚጠጋ ሰው አስገብቶ መሽጎበት ነበር። አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ነጻ ስትወጣ ጎንደር ገና ወደ ሰባት ወር የሚጠጋ ይቀራት ነበር። ክረምቱን በሩ ተከቦ ከረመ። በመስቀል ሰሞን ከደባርቅ አጠገብ ያለው የተራራ ምሽግ እጁን ሰጠ፤ ቁልቋል በር ግን እምቢ ብሎ ቆየ። ውጊያው ከባድ ነበር፤ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጣው የእንግሊዝ ጦርና የእኛ አርበኞች አብረው ናቸው የገቡት። በሩ በወደቀ በስድስተኛው ቀን፣ ህዳር 18 ቀን 1934፣ የጣልያኑ አዛዥ ጄኔራል ናሲ እዚሁ ጎንደር እጁን ሰጠ።

እኔ ቀኑን ወደ እኛ ስመልሰው ተሳሳትኩ። ከ1941 ስምንት ቀነስኩና 1933 አልኩ። ህዳር 1933 ደግሞ ሊሆን አይችልም። ያኔ ጣልያን አገሩን ሁሉ እንደያዘ ነው፤ ንጉሡ እንኳ ከስደት ሲመለሱ በሱዳን ድንበር ኦሜድላ ላይ ባንዲራ የተከሉት ከዚያ በኋላ፣ ጥር 12 ነው። እምዬ የነገረችን ታሪክ ስህተት ነው ብዬ አመንኩ። ለእናቴ እንዴት እንደምነግራት እያሰብኩ ሁለት ሌሊት አልተኛሁም። በሦስተኛው ቀን አንድ ደንበኛ የውጭ አገር ቪዛ ፎርም ሲያስሞላኝ የልደት ቀኑን ስቀይርለት ነቃሁ። ከመስከረም እስከ ፈረንጆች ዓመት መጨረሻ የሚቀነሰው ሰባት ነው! ለሰው በየቀኑ የምሠራውን ለራሴ ረሳሁት። ደንበኛውን ይቅርታ ጠይቄ ወረቀት አወጣሁ። 1934። ህዳር። ቀኑን ቆጠርኩ። አሥራ ሁለት።

ህዳር ሚካኤል!

እምዬ እስክትሞት ድረስ በየዓመቱ ህዳር 12 ጠላ ጠምቃ፣ ዳቦ ደፍታ ትዘክር ነበር። ቤታችን ቢጎድልም ይሄ አይጎድልም። በ1977 እህል ሲጠፋ እንኳ ከጎረቤት ተበድራ አንዲት ድፎ ጋግራለች። "ሚካኤል ያተረፈልኝ ቀን ነው" ነበር የምትለው። እኛ እንደ ማንኛውም ዝክር ነበር የምናየው። ማንበብ አታውቅም፤ የፈረንጅ ወር ስም ሰምታ አታውቅም። ግን ለንደን ያለው ወረቀትና የእምዬ ዳቦ አንድ ቀን ላይ ተገናኙ። ሱቁን ዘግቼ እናቴ ጋ ሮጥኩ። ስነግራት ምንም አላለችም፤ ሁለት እጇን አንስታ ግንባሬን ሳመችኝ።

ታሪክ የሚማረው የእህቴ ልጅ፣ "አክስቴ፣ ቀኑ መግጠሙ አያትሽ እዚያ መኖራቸውን አያረጋግጥም" ብሎኛል። ልክ ነው። ስሙን በዝርዝር አላገኘሁም፤ ፍለጋዬም አላለቀም። ግን ከእንግዲህ ማንም የእምዬን ነገር ተረት ነው ሊለኝ አይችልም። ዘንባባው ይናገራል፣ ካርዱ ይናገራል፣ ቀኑ ይናገራል። እንደ አሞራው ውብነህ ያሉትን መሪዎች ሁላችንም እናውቃለን፤ ማወቅም ይገባናል። ከኋላቸው የተከተለው ገበሬ ግን መዝገቡ የሚስቱ ዝክርና የልጁ ጆሮ ነው። እነዚያ ልጆች ዛሬ ሰማንያና ዘጠና ሆኗቸዋል።

ይሄን ፍለጋ ከጀመርኩ ወዲህ ሰው ይመጣልኛል። ከሁሉ ያልረሳሁት አንድ ጋሼ ናቸው። ከሰዓት በኋላ ገብተው "በሩን መለስ አድርጊው" አሉኝ። ከኮት ኪሳቸው በጣልያንኛ የተጻፈ ትንሽ ቢጫ ወረቀት አወጡ። አባታቸው በጣልያን በኩል ተሰልፈው ኖሯል። "ቢሆንም አባቴ ነው። የት እንደሞተ ማወቅ እፈልጋለሁ" አሉኝ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ቁልቋል በር ምሽግ ውስጥም ከጣልያን ጋር የአገራችን ልጆች ነበሩ። አንዱ ተገዶ፣ አንዱ ለደመወዝ፣ አንዱ በሌላ ምክንያት። እኔ የአርበኛ ልጅ ልጅ ነኝ፤ አያቴን የመታው ከእነሱ አንዱ ሊሆን ይችላል። ሆኖም እኚህ ሰው የአባታቸውን መቃብር ሲፈልጉ በር መዝጋት የለባቸውም ብዬ አምናለሁ። ወረቀታቸውን በነጻ ገለበጥኩላቸው። የጣልያን ጦር መዝገብ ሮም ነው ያለው፤ እዚያ ዘመድ ያለው ይርዳቸው።

አንድ የሚቆጨኝ ነገር አለ። ባለፉት ዓመታት ሰው አሮጌ ካርድና የምስክር ወረቀት እያመጣ "ላሚኔት አድርጊልኝ" ሲለኝ አድርጌያለሁ። ስንት እንደሆነ አላውቅም። ዛሬ አላደርግም። ሙቀቱ የቆየ ቀለምና ማህተም ያበላሻል፤ ፕላስቲኩ አንዴ ከተጣበቀ ወረቀቱ ሳይቀደድ አይለቅም። የአያቴ ካርድ ላሚኔት ቢሆን ኖሮ ያን ማህተም አላየውም ነበር። እባካችሁ፣ እንዲህ ያለ ወረቀት ያላችሁ ስካን አስደርጋችሁ ዋናውን ደረቅ ቦታ በንጹህ ወረቀት ጠቅልላችሁ አስቀምጡ። ፎቶ ካለ ከጀርባው በእርሳስ ስም ጻፉበት፤ የዓለሙንም የክርስትናውንም።

ለጋዜጣው የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በሳምንት አንዲት ጠባብ ዓምድ ስጡን። ሰው የአርበኛ አባቱን ስም፣ የነበረበትን አገርና የቆሰለበትን ወይም የሞተበትን ቀን የሚያወጣበት። ቀኑ በታቦት ስም ቢሆንም እንዳለ ይውጣ፤ "በጥር ማርያም"፣ "በሰኔ ሚካኤል" ቢባል በቂ ነው። የሚያዛምደው ይገኛል። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምና የአገር ውስጥ ቤተ መዛግብትም ከዚያ ላይ ቢነሱ ደስ ይለኛል።

ጎንደርና አካባቢዋ ያላችሁ፣ አባታችሁ ወይም አያታችሁ ቁልቋል በር የነበሩ ካሉ፣ በጋዜጣው በኩል አሳውቁኝ። አያቴ ወንድም የሚለው አንድ ጓደኛ ነበረው፤ የተመታ ዕለት በቃሬዛ ያወረደው እሱ ነው። የፈረስ ስሙ አባ ጉግሣ እንደነበር እናቴ ታስታውሳለች። ሌላ የምናውቀው የለም። ልጆቹ ካሉ እናቴ ልታያቸው ትፈልጋለች።

ቅዳሜ ገበያ የምትወጡ ደግሞ የአርበኛ ካርድና ሜዳሊያ ካላችሁ እግረ መንገዳችሁን ይዛችሁ ኑ። ስካን አድርጌ በፍላሽ እሰጣችኋለሁ፤ ገንዘብ አልቀበልም። ካርዱን ግን አታጥፉት። ደብተር መሀል አድርጋችሁ አምጡት።

አክባሪያችሁ፣
የአርበኛ ልጅ ልጅ
ከጎንደር