ማሲ፣ እግዜር ይስጥልን

ያሳለፍነውን ዓመት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እማዬ ተኝታ በነበረች ጊዜ ያልጠየቀን የለም። እሱን ዛሬ አላነሳውም። ቅዳሜ ማታ መድረክ ላይ ስትጨፍር ያያችኋት ሁሉ "እንዴት ለዚህ በቃች?" እያላችሁ ትደውላላችሁ። ፈጣሪ ይመስገን። ከፈጣሪ ቀጥሎ ደግሞ ማሲ።

ስሟ እንዲነሳ ስላልፈለገች ልጆቹ በሚጠሯት ልጥራት። ማሲ ማለት በጉጃራቶች፣ በምዕራብ ሕንድ ሰዎች ቋንቋ፣ አክስት ማለት ነው። እዚህ እንግሊዝ አገር ሌስተር፣ የሰፈራችን አዳራሽ ውስጥ የደቡብ እስያ ዳንስ ታስተምራለች። ከትንንሽ ልጅ እስከ አያት፣ ማንንም አትመልስም።

እማዬ መጀመሪያ የሄደችው ልጄን አጅባ ነበር። ልጄ ባራታናትያም የሚባለውን የደቡብ ሕንድ ጥንታዊ ዳንስ ስትማር አያቷ ግድግዳው ሥር ወንበር ይዛ ትቀመጣለች። አንድ ቀን ማሲ ሁለት የዳንዲያ በትሮች ይዛ ፊቷ ቆመች። በትር ለበትር እያጋጩ የሚጨፈርባቸው፣ በባለቀለም ጨርቅ የተጠቀለሉ አጫጭር ዱላዎች ናቸው። የእማዬ ግራ እጅ ግን አይጨብጥም። ማሲ ምንም አላለችም። ሻርፗን ከአንገቷ ላይ ፈታ በትሩን ከእማዬ መዳፍ ጋር አሰረችው። እኛ "አይዞሽ እማዬ" ስንል ነው የከረምነው። ማሲ አንድም ቀን አይዞሽ አላለቻትም። "እንደገና" ነው የምትላት። ምቱ ሲያመልጣት፣ እንደገና። ሲደክማት ሻይ ትጠጣለች፤ ከዚያ እንደገና።

ይቅርታ፣ እዚህ ላይ ስደርስ እንባዬ ይቀድመኛል።

መቆም ሲከብዳት ከወንበር ሳትነሳ የሚሠራውን አመጣችላት። ባራታናትያም በእግር ብቻ አይደለም፤ እጅም፣ ዓይንም፣ አንገትም ይጨፍራል። አራቱን ጣት ገጥሞ ዘርግቶ አውራ ጣትን ማጠፍ ፓታካ ይባላል። እማዬ ያንን በግራ እጇ የሠራች ዕለት ቤታችን በእልልታ ተናጋ።

የእስክስታውን ነገርም ልንገራችሁ። ማሲ "እናንተስ እንዴት ነው የምትጨፍሩት?" ብላ ጠየቀቻት። እማዬ ቀኝ ትከሻዋን አሳየቻት። ማሲም ወለሉ ላይ ተቀምጣ እንደ ተማሪ ተማረች፤ ትከሻዋ እሺ እስኪላት አልተነሳችም። ቅዳሜ ጋርባው መሐል ላይ እልል ያላችሁበት ትከሻ የእማዬ ትምህርት ነው። ጋርባ ናቭራትሪ በሚባለው የሂንዱዎች በዓል ዘጠኝ ሌሊቶች መብራት መሐል አድርገው እየዞሩ የሚጨፍሩት ነው። እማዬ "ደመራ ነው እኮ!" ትላለች። ወቅቱም ከመስቀል ሰሞን ብዙ አይርቅም።

የማሲ ወላጆች እ.ኤ.አ. በ1972 ኢዲ አሚን በ90 ቀን ውጡልኝ ብሎ ከኡጋንዳ ካባረራቸው እስያውያን ናቸው። ያኔ የሌስተር ከተማ ምክር ቤት "ወደ እኛ አትምጡ" የሚል ማስታወቂያ ኡጋንዳ ጋዜጣ ላይ አውጥቶ ነበር። እነሱ ግን መጡ። የሌስተሩን ቤልግሬቭ ሮድ ዛሬ የምናውቀው፣ የሕንዶች ሱቅና ምግብ ቤት የሞላበት ሰፈር አደረጉት። እንግድነትን በቤቷ ስለምታውቀው ይመስለኛል፣ ማሲ እናቴን እንደ እንግዳ አላየቻትም።

ማሲዬ፣ አማርኛ እንደማታነቢ አውቃለሁ፤ ልጄ ትተረጉምልሻለች። እናቴን እንደ በሽተኛ ሳይሆን እንደ ተማሪ ስለያዝሻት ውለታሽን መክፈል አልችልም። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። የወለድሽው ይባረክ።

ለእማዬ ብላችሁ ምቱን ያዘገያችሁ ወጣቶች፣ ሐኪሞቿና ነርሶቿ፣ የቤተ ክርስቲያናችን አባቶችና እህቶች፣ ሁላችሁንም እናመሰግናለን። ስማችሁን ያልጠራሁ ብዙ ናችሁ፤ እባካችሁ አትቀየሙኝ።

እማዬ የፊታችን እሁድ ሁላችሁንም ቡና ጠርታችኋለች። ማሲ ሥጋ ስለማትቀምስ ምሳው የጾም በያይነቱ ነው።