ያገለገሉ ሞተር ሳይክሎች ከቁርጥራጭ ብረት ጋር በጅምላ አይሸጡ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጋዜጣችሁን በገለጥኩ ቁጥር ከዜናውና ከርእሰ አንቀጹ ቀጥሎ የማነበው የጨረታ ማስታወቂያውን ገጽ ነው። «ያገለገሉ ጎማዎች፣ ቁርጥራጭ ብረታ ብረትና ከአገልግሎት ውጭ የሆኑ ሞተር ሳይክሎች» በአንድ ሎት ተጠቃለው ለጨረታ መቅረባቸውን ባየሁ ጊዜ ሁሉ አዝናለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው አሠራሩ ስሕተት መሆኑን፣ ስሕተቱም ያለ ብዙ ወጪ ሊታረም እንደሚችል ስለማምን ነው። ይህን የምለው ከሰው ሰምቼ አይደለም፤ በዚህ መንገድ ከተሸጡት ሞተሮች አንዱን በእጄ ፈትቼ በእጄ ገጥሜአለሁ፤ በአርባ ሁለት ዓመቴም ሞተር መንዳት የተማርኩት በእርሱ ነው።

አባቴ በአርሲ ለረጅም ዓመታት የእንስሳት ክትባት ሠራተኛ ነበሩ። ያን ጊዜ ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ገና አልጠፋም ነበር፤ ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው። መኪና የማይገባበት ቀበሌ የሚደረሰው በፈረስ፣ በበቅሎ ወይም በሞተር ስለነበር መሥሪያ ቤታቸው ያማሃ ዲቲ 125 ሰጥቷቸው ነበር። ከኋላ በጎማ ገመድ የታሰረው የክትባት በረዶ ሣጥን፣ እስከ ቅንድባቸው አቧራ የለበሰው ፊታቸው፣ ከማርሚታው የሚወጣው የተቃጠለ ዘይት ሽታ ዛሬም ከአእምሮዬ አልወጣም። ጡረታ ሲወጡ ሞተሩን ለንብረት ክፍል አስረከቡ፤ እኔም አንድ ቀን እንኳ ሳልነዳው ቀረሁ።

ከብዙ ዓመታት በኋላ በምኖርባት በአሰላ ከተማ አንድ የብረት ነጋዴ ግቢ ውስጥ ሰባት ሞተር ሳይክሎች እንደ ማገዶ ተደራርበው አየሁ። ነጋዴው ከአንድ መሥሪያ ቤት ጨረታ በጅምላ የገዛቸው ነበሩ። የአሉሚኒየሙ አካል ተለይቶ ለድስት ሠሪዎች፣ ብረቱ ደግሞ ለማቅለጫ ሊሄድ ነበር። ከሥር የተጫነው ዲቲ 125 ሲሆን፣ ለብልጭታው ኤሌክትሪኩን በሚያገናኝና በሚያቋርጥ ፑንቲና የሚሠራ የቀድሞው ስሪት በመሆኑ ከአባቴም ሞተር በዕድሜ ይበልጣል። ነጋዴው ለኪሎው ከሚያገኘው ጥቂት ጨምሬ ወሰድኩት።

መከራው የመጣው ከሰነዱ ነው። ሞተሩ ሊብሬ አልነበረውም፤ ነጋዴው ከመሥሪያ ቤቱ የተቀበለው ደረሰኝም «ሞተር ሳይክል፣ ብዛት 7» ከማለት በቀር የሻንሲ ቁጥር አልያዘም። ውልና ማስረጃ ያለ ሊብሬ አያዋውልም፤ መንገድ ትራንስፖርትም ያለ ውል ስም አያዛውርም። መሥሪያ ቤቱ የንብረት መዝገቡን እስኪያገኝ አምስት ወር ተመላለስኩ። መዝገቡ ሲገኝ ደግሞ ቁጥሩ ከሞተሩ ጋር አልገጠመም። አንድ ቅዳሜ በናፍጣ የተነከረ ጨርቅ ይዤ መሪው የሚዞርበትን የብረት አንገት ሳሽ ዋልኩ። ከጭቃው ሥር ቀለም፣ ከቀለሙ ሥር ሌላ ቀለም ወጣ፤ ከሁለቱም ሥር በብረቱ ላይ የተመታው ቁጥር ጥርት ብሎ ታየ። ከዓመታት በፊት መዝገቡን የጻፈው ሰው 3ቱን 8 ብሎት ኖሯል። ይህችን አንድ አኃዝ ሽያጩ ከመፈጸሙ በፊት ለማመሳከር ግማሽ ሰዓት ይበቃ ነበር።

ሰነዱን እየጠበቅኩ ሥራውን ጀመርኩ። ዲቲ ለጀማሪ የተመቸ ነው። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1968 ካወጣው ዲቲ አንድ የተወለደ ሲሆን፣ ባለ 125ቱ በዲቲ ስም የተጠራው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። አንድ ሲሊንደር ብቻ ያለው፣ በንፋስ የሚቀዘቅዝ ቱ ስትሮክ ነው፤ ማለትም ፒስተኑ በሁለት ምት አንድ ዙር ሥራ ይጨርሳል፤ በሲሊንደሩ ክዳን፣ በቴስታታው ላይ፣ እንደ መኪና ሞተር የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭ ስለሌለው ያልለመደ እጅም ፈትቶ ሊገጥመው ይችላል።

የመጀመሪያው ጥፋቴ ችኮላ ነበር። ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥል አዲስ ካንዴላ ገጥሜ፣ ቤንዚን ቀድቼ፣ እግሬ እስኪዝል ረገጥኩት። በዚህ መሐል በሰፈራችን አርባ ዓመት ያህል በመካኒክነት የኖሩ አንድ አረጋዊ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ በአጥሩ በኩል አይተውኝ ኖሮ ገቡና «መምህር፣ ይሄን ያህል ዓመት የተኛ ሰው በጥፊ አይቀሰቀስም» አሉኝ። ምክንያቱን ያስረዱኝም በዚያው ቀን ነው። ይህ ሞተር ዘይቱን ከቤንዚን ለይቶ በራሱ ዕቃ ይይዛል፤ አንዲት ትንሽ ፖምፓም በቀጭን ቱቦ ወደ ሲሊንደሩ ትልከዋለች። ሞተሩ ለዓመታት ሲቆም ቱቦው ውስጥ አየር ይገባል። ያ አየር ሳይወጣ ሞተሩ ቢነሳ ፒስተኑ ደርቆ ይሠራና ሲሊንደሩን ነክሶ ይቀራል። እኔ ያን ቀን ያልተነሳልኝ ለእድሌ ነበር። ከዚያ በኋላ ቱቦው አየሩን እስኪያወጣና ፖምፓው መሥራቱን እስክናረጋግጥ ድረስ ቤንዚኑን ራሱን ሃያ አምስት እጅ ለአንድ ከቱ ስትሮክ ዘይት ጋር እየቀላቀልን ሠራን። ለዓመታት የቆመ ቱ ስትሮክ የሚያነሳ ሰው ሁሉ ከዚህ እንዲጀምር አደራ እላለሁ።

ከዚያ በኋላ የሄድነው በዝግታ ነው። በነዳጅ ታንኩ ውስጥ ያለውን ዝገት ለማውጣት አንድ ክንድ አሮጌ ሰንሰለትና አቼቶ ጨምረን ሁለት ቀን አገላበጥነው፤ የወጣው ፈሳሽ እንደ ክረምት ጎርፍ የቀላ ነበር። የካርቡሬተሩን የነሐስ ቀዳዳዎች የደረቀ ቤንዚን እንደ ሙጫ ደፍኗቸው ነበር። እኔ ሽቦ ሳነሳ ጋሼ ከለከሉኝና የፈረስ ጭራ አስመጡ፤ ሽቦ ቀዳዳውን በፀጉር ያህል እንኳ ቢያሰፋው የቤንዚኑ ልክ ለዘለዓለም ይበላሻልና። ፒስተኑ የሚያዞረውን ዘንግ፣ ክራንኩን፣ ከግራና ከቀኝ የሚዘጉት የጎማ ቀለበቶች (ኦይል ሲሎች) በዕድሜ ደርቀው ስለነበር በአዲስ ተተኩ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ይሁን እንጂ በደረቀ ሲል በኩል አየር ከገባ የቤንዚንና የአየር ድብልቁ ይሳሳል፤ ሞተሩም ይግላል፤ በመጨረሻም ይነክሳል።

ፑንቲናው ዘንድ ለመድረስ በክራንኩ ጫፍ የሚዞረው የማግኔቱ ክብ ብረት መውጣት ነበረበት። እርሱን በመዶሻ የሚያወጣ ሰው ክራንኩን ያጣምመዋል፤ የራሱ መሳቢያ ያስፈልገዋል፤ መሳቢያው ደግሞ በከተማችን አልተገኘም። በመጨረሻ ቶርኖ ቤት የሚሠራ፣ በቴክኒክና ሙያ የሠለጠነ ወጣት ጥርሱን ለክቶ ከወፍራም ብሎን ቀርፆ ሠራልን። መሳቢያውን አስገብተን ቀስ እያልን ስናጠብቀው «ጧ» የሚል አንድ ድምፅ ተሰማ፤ ክብ ብረቱም ምንም ሳይጫር እጄ ላይ ወደቀ። የፑንቲናውን አፍ 0.35 ሚሊ ሜትር ያህል እንዲከፈት አስተካክለን ሞተሩን በእጅ ስናዞረው በካንዴላው ጫፍ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ታየ። ያ ወጣት ያን ዕለት ወደ ቤቱ መሄድ አልፈለገም።

ስለ ፍሬኑ አንድ ነገር አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። በዚያ ዘመን የነበረው የፍሬን ሸራ አዝቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል፤ ብናኙም ሳንባን ይጎዳል። ስለዚህ ከበሮው ሲከፈት በአፍም ሆነ በኮምፕሬሰር ሊነፋ አይገባም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግና ጨርቁ በፌስታል ታስሮ ይጣላል። ጎማውንም መልኩ ደህና ስለመሰለ ብቻ ማመን አይገባም። በጎኑ ላይ ከታተሙት አራት አኃዞች የፊተኞቹ ሁለቱ የተሠራበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይናገራሉ፤ አኃዙ ሦስት ብቻ ከሆነ ጎማው እ.ኤ.አ. ከ2000 በፊት የተሠራ ነውና ሳይነዳበት ይጣል። ከቀለምና ከክሮም በፊት ገንዘቤን ያወጣሁት በእነዚህ ሁለቱ ላይ ነው።

ሥራው የቅዳሜ ብቻ ስለነበር ከአንድ ዓመት በላይ ወሰደ። ሞተሩ የተነሳው በአምስተኛው እርግጫ ነው፤ ግቢው በሰማያዊ ጭስ ተሞላ፤ እኔ የልጅነቴን ሽታ አሸተትኩ።

መንዳቱን በማሠልጠኛ ተምሬ የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ አወጣሁ፤ ሆኖም አሮጌ ሞተር የራሱን ትምህርት ይጠይቃል። የከበሮ ፍሬን እንደ ዛሬው የዲስክ ፍሬን ወዲያው አይዝም፤ ውኃ ሲነካውም ይደክማል፤ ስለዚህ ከፊት ካለው ተሽከርካሪ ያለኝ ርቀት ሰው ከለመደው እጥፍ ነው። የሞተሩ ኤሌክትሪክ 6 ቮልት ስለሆነ መብራቱ ደካማ ነው፤ ከመሸ አልነዳም። ሄልሜት ሳላደርግ ከግቢ ወጥቼ አላውቅም።

ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ የአገራችን ከፍታ ነው። አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2400 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው። ለዝቅተኛ ስፍራ የተለካው ካርቡሬተር እዚህ ከአየሩ ልክ በላይ ቤንዚን ይሰጣል፤ ካንዴላውም እንደ ምጣድ ጥላሸት ይጠቁራል። የካርቡሬተሩን መርፌ አንድ እርከን ዝቅ ስናደርገው ሞተሩ ነፍስ ዘራ። እኔም በዚህ ተደስቼ አንድ እሑድ በኢተያና በዴራ በኩል ወደ አዳማ ወረድኩ። አዳማ ከአሰላ 700 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፤ አየሩ ይወፍራል፤ ሙቀቱም ይጨምራል። ለአሰላ የተመጠነው ቤንዚን ለዚያ ወፍራም አየር አነሰ። በዚህ ላይ ቁልቁለቱን ጋዝ ዘግቼ መውረዴ የዘይት ፖምፓው ጥቂት ብቻ እንዲልክ አድርጎታል። ዴራን እንዳለፍኩ ሞተሩ እንደ ሳንቲም የሚንኳኳ ቀጭን ድምፅ አሰማና ጉልበቱ ከዳኝ። ወዲያው ፍሪሲዮን ይዤ ከመንገድ ወጣሁ። ግራር ሥር ከግማሽ ሰዓት በላይ ካቀዘቀዝኩት በኋላ መርፌውን ወደ ነበረበት መለስኩ። ፒስተኑ ተርፏል። ዛሬ ቁልቁለት ስወርድ በየጥቂቱ ጋዝ እየከፈትኩ ዘይት አጠጣዋለሁ።

እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ። የከባቢ አየር ግፊት ከፍታ ሲጨምር እንደሚቀንስ ለብዙ ዓመታት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሳስተምር ኖሬአለሁ፤ በዚያ ሳምንት ግን ጥቁሩንና ነጣ ያለውን ሁለት ካንዴላ ይዤ ክፍል ገባሁ። ተማሪዎቼ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ አዩአቸው፤ የደወሉንም ድምፅ የሰማ አልነበረም። ካንዴላ፣ ፑንቲና፣ ቴስታታ፣ ማርሚታ፣ ካቻቢቴ የሚሉት ከጣሊያን የቀሩልን የጋራዥ ቃላት በአያቶቻችን እጅ ገብተው የራሳችን ሆነዋል፤ ዕውቀቱ ግን እንደ ጋሼ ባሉ ሰዎች እጅ ብቻ ነው ያለው፤ እነርሱም እያረጁ ነው።

በኤሌክትሪክ ዘመን ጭስ የሚተፋ ሞተር ማደስ ምን ይጠቅማል የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ቱ ስትሮክ ሞተር አየር እንደሚበክል አልክድም፤ ለዕለት ሥራም ይመለስ አልልም። ይሁን እንጂ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ የነዳጅ ሞተር ታሪክ ወደ መገባደጃው እየሄደ ነው። የገጠሩን ክትባት፣ የወባ ርጭትና የእርሻ ምክር በጀርባቸው ተሸክመው የኖሩትን ሞተሮች ጥቂቶቹን እንኳ ሳናስቀር ብናቀልጣቸው ልጆቻችን የሚያዩት ፎቶግራፍ ብቻ ይሆናል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። መሥሪያ ቤቶች ሞተር ሳይክሎችን ከቁርጥራጭ ብረት ለይተው አንድ በአንድ ለጨረታ ያቅርቡ፤ በጅምላ ሲሆን መወዳደር የሚችለው የብረት ነጋዴ ብቻ ነው፤ መንግሥትም የሚያገኘው ዋጋ የብረት ዋጋ ብቻ ነው። ከማስታወቂያው በፊት የሻንሲና የሞተር ቁጥራቸው ከመዝገብ ጋር ይመሳከር፤ ሊብሬአቸውም ተፈልጎ አብሮ ይሸጥ። ከየመሥሪያ ቤቱም ሁለት ወይም ሦስት ያህሉ ለቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ቢሰጡ፣ ያ የቶርኖ ቤት ወጣት በአንድ ቅዳሜ ያገኘውን ዕድል ሌሎች ተማሪዎችም ያገኛሉ።

በከተማችን በአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር፣ ዛሬም አሥራ አንድ ሞተር ሳይክሎች ቆመዋል፤ በአጥሩ ክፍተት ቆጥሬአቸዋለሁ፤ አራቱ ዲቲ ናቸው። ጨረታቸው ገና አልወጣም። የሚመለከተው ኃላፊ ከፈቀዱልኝ እኔና ተማሪዎቼ በማንኛውም ቅዳሜ ናፍጣና ጨርቅ ይዘን መጥተን የአሥራ አንዱንም ቁጥር ያለ ክፍያ አንብበን በዝርዝር ጽፈን እናስረክባለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአሰላ